«አምስት ወር ቀርቶኛል፤ ከየት ልጀምር?»

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። ስሟንና ቀበሌዋን አውጥቼ፣ ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ገበሬዎች ናቸው። ቤታችን ከደምበጫ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከተማ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ ነው የምማረው። ትምህርት ቤታችን ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ስለነበር 10ኛ ክፍልን በደንብ አልተማርኩም። አሁን ጥር አልቋል፤ ፈተናው ደግሞ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው ይላሉ። የማነበው አያልቅም፣ ያነበብኩትም አይያዝልኝም። አባቴ ‹ካልሆነ የግል ኮሌጅ ገብተሽ ነርሲንግ ትማሪያለሽ፤ እሱም ካልሆነ ወደ ቤት ትመለሻለሽ› ይላል። ሪሜዲያል የሚባለው ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም። ከየት ልጀምር? ነጥብ ካልመጣልኝስ ምን አማራጭ አለኝ?»

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ከተሞች ከ20 ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምሬያለሁ። አሁን አሁን ተማሪዎችን ስለ ፈተናና ስለ ቀጣይ ትምህርት ማማከሩ ነው ብዙውን ጊዜዬን የሚወስደው። አንቺ የጠየቅሽውን ብዙዎች ይጠይቁኛል። አብዛኞቹ ግን የሚመጡት ግንቦት ላይ ነው። አንቺ በጥር ጠየቅሽ። አምስት ወር ብዙ ጊዜ ነው።

ቁጥሩን አልደብቅሽም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ። በ2016 5.4 ሆነ፣ በ2017 8.4 ደረሰ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ይህን አንቺም ሰምተሻል። ሻይ ቤት ይወራል፣ ባጃጅ ውስጥ ይወራል፣ አንዳንዴ እኛ መምህራንም ለማስፈራሪያ እንጠቀምበታለን። ተማሪው ደግሞ «ከመቶ ሦስት ሰው ነው የሚያልፈው፣ እኔ ማን ነኝና» ይልና በየካቲት እጁን ይሰጣል። ይህን በዓይኔ ስላየሁ ሌላ ስሌት ላሳይሽ።

የምትፈተኝው ስድስት ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ መለኪያው)፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ። እያንዳንዱ ከ100 ይያዛል፤ ድምሩ 600 ነው። ማለፊያው የድምሩ ግማሽ፣ 300 ነው። በየትምህርቱ 50 ማምጣት አይጠበቅብሽም። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ተማሪ ብዙ ነው። አሁን ይህን ደምሪ። እንግሊዝኛ 55፣ ሒሳብ 40፣ አፕቲትዩድ 55፣ ባዮሎጂ 60፣ ኬሚስትሪ 48፣ ፊዚክስ 42። ስንት መጣ? 300። ሒሳብ 40፣ ፊዚክስ 42 ያመጣችን ልጅ ማንም ቀለሜዋ አይላትም። ግን አልፋለች። አንቺ ግን 300ን ሳይሆን 330ን ዒላማ አድርጊ። የፈተና ቀን ድካምና ድንጋጤ ትንሽ ነጥብ መውሰዳቸው አይቀርም።

ሌላም ነገር አለ። ጥያቄዎቹ ባለ አራት ምርጫ ናቸው። ከ100 ጥያቄ 33ቱን በእርግጠኝነት ብታውቂና የቀሩትን 67 በግምት ብትመልሺ፣ ከግምቱ በአማካይ 17 ያህል ይጨመርልሻል። 50 ሞላ ማለት ነው። ይህን የምነግርሽ በግምት እንድትተማመኚ አይደለም። ከትምህርቱ አንድ ሦስተኛውን አጥብቀሽ መያዝ ምን ያህል እንደሚያራምድሽ እንድታዪ ነው። ሁሉን ነገር ላይ ላዩን ከመንካት ጥቂቱን ከሥሩ ማወቅ ይሻላል። ከቀሪዎቹም ሁለቱን ምርጫ «ይህ ሊሆን አይችልም» ብለሽ መጣል ከቻልሽ፣ ዕድልሽ እኩል በእኩል ይሆናል። ባዶ የተተወ ጥያቄ ግን ምንም አያመጣም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከየት ልጀምር ላልሽው መልሴ አንድ ነው፤ ከማንበብ አትጀምሪ። ከመፈተን ጀምሪ።

ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶች በትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ወይም በመምህራን እጅ ይገኛሉ። የአንድ ዓመት ስድስቱንም ወረቀት ፈልጊ። ሳታጠኚ፣ ሰዓት ይዘሽ፣ በቀን ሁለት ሁለቱን በሦስት ቀን ጨርሺ። ከዚያ አርሚው። ውጤቱ ያሳዝንሽ ይሆናል፤ 170 ወይም 180 ሊመጣ ይችላል። ግድ የለም። ያ ቁጥር መነሻሽ ነው። ደብተርሽ ላይ ስድስቱን ትምህርት ጻፊና ጎን ለጎን የዛሬውን ነጥብና የሰኔውን ዒላማ አስቀምጪ። ከዚያ በኋላ «የማነበው አያልቅም» የሚለው ጭንቀት መልኩ ይቀየራል። ሒሳብ ላይ 14 ነጥብ፣ እንግሊዝኛ ላይ 20 ነጥብ እንደሚጎድልሽ ታውቂያለሽ። የታወቀ ጉድለት ደግሞ ሊሞላ ይችላል።

ቀጥሎ የስህተት ደብተር ያዢ። ይህ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥ ምክር ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የተሳሳትሽውን ጥያቄ በሙሉ ደብተሩ ላይ ገልብጪ። ከሥሩ ለምን እንደተሳሳትሽ በአማርኛ ጻፊ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ትምህርቱን አታውቂውም፤ ወይም ታውቂዋለሽ ግን ጥያቄው የተጻፈበት እንግሊዝኛ አልገባሽም፤ ወይም ቸኩለሻል። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ጎበዝ፣ ታታሪ ልጅ። «ፊዚክስ አይገባኝም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ መጣ። የተሳሳታቸውን 14 ጥያቄዎች አንድ በአንድ አብረን አየናቸው። ስድስቱን በአማርኛ ስጠይቀው ወዲያው መለሰልኝ። ፊዚክሱን ያውቀዋል። የጣለው «ኤክሴፕት»፣ «ኖት»፣ «ሊስት ላይክሊ» የሚሉት ቃላት ናቸው። ጥያቄው ትክክል ያልሆነውን ምረጥ ሲለው እሱ ትክክል የሆነውን ይመርጣል። ልጁ ሌሊት ሌሊት ፊዚክስ ሲያነብ ነው የከረመው። የሚያስፈልገው ግን እንግሊዝኛ ነበር። የስህተት ደብተር ባይኖረው ይህን አናውቅም ነበር።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የምትማሩት። ስለዚህ እንግሊዝኛ ለአንቺ አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። ስድስቱም ወረቀት ላይ አለ። አፕቲትዩድም በእንግሊዝኛ ነው። ለዚህ የተለየ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግሽም። በየቀኑ ከባዮሎጂ መጽሐፍሽ አንድ ገጽ ውሰጂ። እንደ እንግሊዝኛ ምንባብ አንብቢው። የማታውቂያቸውን አምስት ቃላት አውጪ። ከዚያ ገጹን ዘግተሽ በሦስት ዓረፍተ ነገር በራስሽ እንግሊዝኛ ጻፊው። ሰዋስውሽ ቢሰባበር ምንም አይደለም። በአንድ ድንጋይ እንግሊዝኛም ባዮሎጂም ተጠና ማለት ነው።

እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ አንድ ላይ የድምሩን ግማሽ እንደሚይዙ ልብ በይ። ግን አብዛኛው ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ የሚያድረው ባዮሎጂ ላይ ነው። ለምን? ስለሚነበብ ነው። ሲነበብ የሠራን ይመስለናል። እነዚህ ሦስቱ ግን በሽምደዳ አይገቡም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መልመድን ነው የሚፈልጉት። ለፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀር አፕቲትዩድ ልጀምር ያለ ተማሪ ሲሳካለት አላየሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ስለ 10ኛ ክፍል ያልሽው ልቤን ነክቶታል። በአካባቢያችን ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ ብዙ ነው። ያጣችሁት በጥፋታችሁ አይደለም። ፈተናው ግን የ12ኛን ብቻ አይጠይቅም፤ ከታች ክፍሎችም ያመጣል። ታዲያ የ10ኛን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ልታነቢ ነው? አይሆንም፣ ጊዜ የለሽም። ሥር ሥሩን ብቻ ያዢ።

በሒሳብ ሥሩ ክፍልፋይ፣ ኢኩዌሽን መፍታት፣ ኳድራቲክ፣ ኤክስፖነንትና ሎጋሪዝም፣ ግራፍ ማንበብ፣ የትሪጎኖሜትሪ መጀመሪያው ነው። 12ኛ ላይ ካልኩለስ ከብዶኛል የሚለኝ ተማሪ ወረቀቱን ሳየው የከበደው ካልኩለሱ አይደለም። ክፍልፋይ ማቃለል አቅቶት ነው። በኬሚስትሪ ሞልና ኢኩዌሽን ማመጣጠን ነው ሥሩ። ራስሽን ፈትኚ፤ 18 ግራም ውሃ 1 ሞል ነው፣ 36 ግራም 2 ሞል ነው። ለምን? መጽሐፍ ሳትከፍቺ ለጓደኛሽ ማስረዳት ከቻልሽ ጥሩ ነው። ካልቻልሽ፣ ከሱ በኋላ ያለው ኬሚስትሪ ሁሉ ሽምደዳ ይሆንብሻል። በፊዚክስ ቬክተር፣ ዩኒት፣ የኒውተን ሕጎችና ኢነርጂ። በባዮሎጂ ሴል። ለዚህ ሥር ማጥበቂያ እስከ መጋቢት አጋማሽ፣ ስድስት ሳምንት ያህል ስጪው። የ12ኛው የክፍል ትምህርት ጎን ለጎን ይቀጥል። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ሙሉ በሙሉ ወደ 11ኛና 12ኛ፣ ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ ወደ ፈተና ወረቀት ብቻ።

«ያነበብኩት አይያዝልኝም» ላልሽው መልሱ ከአፍንጫችን ሥር ነው ያለው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን ከልጅነትሽ ሰምተሻል። የቅኔ ተማሪ ብራና ፊት ተቀምጦ ዝም ብሎ ሲያነብ አይውልም። ማታ የግዕዝ ግስ ያወርዳል፤ በቃሉ። መምህሩ የነገሩትን ከጓደኞቹ ጋር ይቀጽላል፤ ደጋግሞ ይከልሳል ማለት ነው። ነገ ጠዋትም መልሶ ይቀጽላል። ከዚያ የራሱን ቅኔ ይቆጥርና መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል። ተሳስቶ ይታረማል። በዚህ ሥርዓት ወረቀትና መብራት በሌለበት አገር ስንት ሊቅ ወጣ! እኛ ግን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስንገባ ይህን ትተን፣ አንድ ገጽ አራት ጊዜ ማንበብን ጥናት አልነው። አራት ጊዜ ያነበብሽውን ገጽ ዓይንሽ ይለምደዋል እንጂ ጭንቅላትሽ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በጥሞና አንብቢ። መጽሐፉን ዝጊ። የያዝሽውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊው። ከዚያ ከፍተሽ አወዳድሪ። ያንኑ ነገር ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ከባዶ አውጪው። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ብዙ የሚረሳሽ ይመስልሻል። ግን በዚያ ትግል ነው የሚያዘው።

ከሁለት ልጆች ጋር መከራየትሽ ጥሩ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ መተኛት ወይም ስልክ መነካካት አይሁን። በጨለማው ተጠያየቁ። አንዷ ትጠይቅ፣ ሁለቱ ይመልሱ። ልክ እንደ ቀጸላው። ስንቅ ለማምጣትም በየሳምንቱ ሦስታችሁም አትመላለሱ። ከአንድ አካባቢ ከሆናችሁ ተራ ግቡ፤ አንዷ የሦስታችሁን ታምጣ። አራት ሰዓት ደርሶ መልስ ቀላል ጊዜ አይደለም። ተራሽ ሲደርስ ደግሞ መንገዱን ተጠቀሚበት። አሥር የፊዚክስ ፎርሙላ በትንሽ ወረቀት ይዘሽ እየሄድሽ ከራስሽ ጋር ተጠያየቂ።

ሰዓቱን ለማደላደል ብዙ አልጨነቅም። ጠዋት ከክፍል በፊት አንድ ሰዓት ለሒሳብ ይሁን፤ ጭንቅላት ትኩስ ሆኖ ነው የሚሠራው። ማታ ሁለት ሰዓት ለሁለት ትምህርት። ከመተኛትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ለእንግሊዝኛና ለአፕቲትዩድ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ሙሉ ወረቀት በሰዓት ተፈትነሽ ወደ ስህተት ደብተርሽ ገልብጪ። እንቅልፍ አትቀንሺ። ጫት ወይም ኪኒን ወስደው ሌሊት የሚያነቡ ልጆች አውቃለሁ። ጠዋት ክፍል ውስጥ ተኝተው ነው የማገኛቸው። ያነበቡትም አብሯቸው ይተኛል።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጥል የእርሻ ሥራ ይጀመራል። ቤተሰብ በዚያ ጊዜ ልጅ ይፈልጋል፤ ይህ የጎጃም ገበሬ ሕይወት ነው፣ አልወቅስበትም። ግን አንቺ ከአሁኑ አባትሽን ለምኚ። «ግንቦትና ሰኔን ልቀቁኝ፣ ሐምሌ ከፈተና መልስ አብሬያችሁ እሠራለሁ» በያቸው። በግንቦት ድንገት ከሚነገራቸው በየካቲት ቢሰሙት ይመቻቸዋል።

ስለ ፈተናው ቀናት በአጭሩ ልንገርሽ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድራችሁ የምትወስዱት ነው፤ ስልክ አይገባም። ደብረ ማርቆስም እንጅባራም በክረምት ብርዱ ከባድ ነው። ጋቢና ወፍራም ሹራብ ያዢ። ሞዴስ ያዢ፤ የወር አበባሽ ቀን ባይሆንም ያዢ፤ ጭንቀት ቀኑን ሊያዛባው ይችላል። ከ2016 ጀምሮ ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ትምህርት ቤታችሁ የኮምፒውተር ክፍል ካለው ማውዝ መያዝና ጥያቄ ከጥያቄ መቀያየር ተለማመጂ። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በመደናገጥ ነው የሚያጠፋው። በቴሌግራም «ፈተና ወጥቷል፣ ይህን ያህል ብር ላኩ» የሚሉትን አትመኚ። ብርሽንም ጊዜሽንም ነው የሚወስዱት።

አሁን «ካልመጣልኝስ» ወዳልሽው። አባትሽ ሁለት በር ነው የነገሩሽ፤ የግል ኮሌጅ ወይም ወደ ቤት። በሩ ግን ከዚያ ይበዛል።

300 እና ከዚያ በላይ ካመጣሽ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትመደቢያለሽ። በአቅራቢያችን ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ አሉ። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ የግቢ ውጤትሽም ይታያል። ስለዚህ ዛሬ «ሕክምና ልግባ ወይስ ምህንድስና» በሚለው እንቅልፍ አትጪ። ወጪውም አባትሽ እንደሚፈሩት አይደለም። የወጪ መጋራት ውል ትፈርሚያለሽ፤ የምትከፍይው ተመርቀሽ ሥራ ከያዝሽ በኋላ ነው። ከቤት የሚጠበቀው የትራንስፖርትና የኪስ ገንዘብ ነው። ይህን ለአባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ብዙ የገጠር አባት ልጁን የሚያስቀረው የማይችለው ክፍያ ያለ ስለሚመስለው ነው።

ከ300 በታች ሆነሽ ነገር ግን ለሪሜዲያል የተቆረጠውን ነጥብ ካገኘሽ፣ ሁለተኛው በር ይከፈታል። ሪሜዲያል ማለት የማካካሻ ትምህርት ነው። በ2015 ነው የተጀመረው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ ሴሚስተር ያህል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ይከልሳል። መጨረሻ ላይ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጣ ወደ አንደኛ ዓመት ያልፋል። የመግቢያ ነጥቡ የሚወሰነው በየዓመቱ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ «ዘንድሮ ይህን ያህል ነው» የሚልሽን አሁን አትስሚ። ይህን በር እንደ ውርደት የሚያዩ አሉ። እኔ አላይም። ለረጅም ጊዜ ትምህርት ቤት ለተዘጋባት ልጅ በስሟ የተሰጣት ማካካሻ ነው። ስትገቢበት ግን እንደ እረፍት አትቁጠሪው። ሪሜዲያል ገብተው «አለፍን» ብለው የተዘናጉና የተመለሱ ልጆች አሉኝ።

ሦስተኛው በር የቴክኒክና ሙያ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬና ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች አሉ። በደረጃ ነው የሚማሩት፤ ደረጃውን ሲጨርሱ የብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የምንለውን፣ ይወስዳሉ። በአገራችን «የወደቀ ልጅ የሚገባበት» ተብሎ መታየቱ ያናድደኛል። ቡሬ ላይ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል። ከተሞቻችን ሕንፃ እያቆሙ ነው። ሞተርና ፓምፕ ጠግኖ የሚሰጥ፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ እጅ በየወረዳው ይፈለጋል። ሴት ልጅ ኤሌክትሪክ አትችልም የሚልሽ ካለ አትስሚው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አለ፤ ፍኖተ ሰላምና ደብረ ማርቆስ ቅርብሽ ናቸው። ማስተማር የምትወጂ ከሆነ ልብ በዪው።

አራተኛው በግል ተፈታኝነት በቀጣዩ ዓመት እንደገና መፈተን ነው። ይህን የምመክረው ትንሽ ነጥብ ለጎደላት፣ ደግሞም ዓመቱን ሙሉ የምታጠናበት ቦታና ሰዓት ላላት ልጅ ነው። እንዲሁ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ግን መጠበቅ ብቻ ነው።

አሁን የአባትሽ ሐሳብ። የግል ኮሌጅ በራሱ መጥፎ አይደለም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ከመመዝገብ በፊት ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ አንድ ኮሌጅ ገባች፤ ስሙን አልጠራም። አባቷ በሬ ሸጠው ከፈሉ። ሁለት ዓመት ተማረች። መጨረሻ ላይ ኮሌጁ በዚያ ከተማ፣ በዚያ የትምህርት ዘርፍ ፈቃድ እንዳልነበረው ታወቀ። ፈቃዱ ሌላ ከተማ ላለው ቅርንጫፍ ነበር። ወረቀቷን የሚቀበል መሥሪያ ቤት አጣች። ሰውየው በሬያቸውንም አላገኙም። ከዚያ ወዲህ ለመጣ ወላጅ ሁሉ ይህን እላለሁ። ፈቃዱን በዓይናችሁ እዩ። የዚህ ትምህርት ዘርፍ ነው? ለዚህ ከተማ ነው? ለዚህ ደረጃ ነው? ጊዜው አላለፈም? አራቱንም ጠይቁ። ዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ የሙያ ደረጃ ከሆነ የክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ ያውቃል።

ሌላም ልጨምር። 50 በመቶ ሳታመጪ፣ ማካካሻውንም ሳትወስጂ «ነይ ግቢ፣ ዲግሪ ትማሪያለሽ» የሚል ኮሌጅ ካጋጠመሽ ተመለሺ። የመግቢያው ነጥብ ለግልም ለመንግሥትም ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። በር ላይ የተዘለለ ነገር መውጫው ላይ ይጠብቃል። ነርሲንጉን በደረጃ ልማር ካልሽ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር አድርጊ። ወረዳችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት ሂጂና «በዚህ ደረጃ የተመረቀ ሰው ትቀጥራላችሁ ወይ? ባለፈው ዓመት ቀጥራችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። ኮሌጁ ከሚያሳይሽ ፎቶ ይልቅ የእነሱ መልስ ይጠቅምሻል። ኮሌጁን ደግሞ «ከዚህ ደረጃ ወደ ዲግሪ ለማለፍ ምን ያስፈልገኛል?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ።

ይህን ሁሉ ከአባትሽ ጋር የምትነጋገሪው ውጤት ከመውጣቱ በፊት ይሁን። ውጤት ከወጣ በኋላ የሚደረግ ውይይት ለቅሶ ቤት እንደሚደረግ ነው፤ ሁሉም ያዘነ ነው፣ ማንም አርፎ አያስብም። «ወደ ቤት ትመለሻለሽ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ከክፋት አይመጣም። አባትሽ ሌላ መንገድ ስላልታያቸው ነው። የሚቀጥለው ጊዜ ስንቅ ልታመጪ ስትሄጂ በአንድ ወረቀት ላይ አራቱን በር በትልልቁ ጻፊላቸው። ማንበብ ካልለመዱ አንብቢላቸው። እናትሽም ይቀመጡ። ከየበሩ ጎን ስንት ብር፣ ስንት ዓመት፣ የት ከተማ እንደሆነ ይኑር። አባት ልጁ ተዘጋጅታ ስትመጣ አነጋገሩ ይለወጣል፤ ደጋግሜ አይቻለሁ። ካስቸገረሽ የትምህርት ቤታችሁን ርዕሰ መምህር ወይም የሚያከብሯቸውን የአጥቢያ ቄስ ለምኚ። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ገብቶበት የማይላላ ነገር ጥቂት ነው።

ለዛሬ ይህን ያዢ። ከዚህ ቅዳሜ ጀምረሽ በሦስት ቀን ስድስቱን ወረቀት ተፈትነሽ ጨርሺና የስድስቱን ነጥብ ላኪልኝ። ሒሳቡ ከ30 በታች ከሆነ ከክፍልፋይ የሚጀምሩ መልመጃዎች አዘጋጅልሻለሁ። እንግሊዝኛው ከ40 በታች ከሆነ ግን ሒሳቡን ለሁለት ሳምንት አሳንሰን በእንግሊዝኛው እንጀምራለን። ከስህተት ደብተርሽም የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ከነጥቡ ይልቅ እሱን ነው ማየት የምፈልገው።